«ለጊዜው» የተባለው ሁሉ፦ የጣሊያን ቅኝ ግዛቶችና የአሸናፊዎቹ ጠብ

ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945። ግብፅ፣ ስዊዝ ቦይ ላይ ያለው ታላቁ መራራ ሐይቅ። ኩዊንሲ የምትባል የአሜሪካ የጦር መርከብ መልሕቋን ጥላ ቆማለች። ውስጧ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሮዝቬልት አሉ። የሦስቱ አጋር መሪዎች ክሪሚያ ላይ ካደረጉት የያልታ ጉባኤ እየተመለሱ ነው። ደክመዋል። ሁለት ወር ሳይሞላም ያርፋሉ። በዚያ ቀን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መርከቧ ላይ ወጡ። ከአዲስ አበባ የመጡት በአሜሪካ አውሮፕላን ነበር። ጥያቄያቸውንም በጽሑፍ ይዘዋል። ኤርትራ፣ የባሕር በር፣ የጅቡቲው ባቡር፣ ደግሞም ወደፊት በሚደረገው የሰላም ድርድር ላይ መቀመጫ።

ቸርችል ይህን ቀጠሮ የሰሙት ያልታ ላይ፣ ጉባኤው ሊያልቅ ሲል ነው። አልወደዱትም። ብዙም ሳይቆዩ ካይሮ ወረዱና ሮዝቬልት ያነጋገሯቸውን ነገሥታት እሳቸውም በየተራ አነጋገሩ። ንጉሠ ነገሥቱንም ጭምር።

አሜሪካና እንግሊዝ እኮ አጋሮች ነበሩ። ወታደሮቻቸው በአንድ አዛዥ ሥር ጎን ለጎን ይሞቱ ነበር። ጀርመን ገና እጇን አልሰጠችም። ታዲያ አንዱ አጋር ከአንድ የአፍሪካ መሪ ጋር ለጥቂት ሰዓት ቢነጋገር ሌላው ለምን ይደነግጣል? ይህ ጥያቄ ሲፈታ ከ1945 በኋላ በአፍሪካ ቀንድ የሆነው ብዙ ነገር አብሮ ይፈታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ቀይ ባሕር ክርክር በተነሣ ቁጥር አንዱ ወገን የ1950ውን የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ይጠቅሳል። ሌላው ወገን የ1947ቱን ውል ይጠቅሳል። ሁለቱም ሰነዶች ከሰማይ የወረዱ ይመስል ይነበባሉ። እንዴት እንደተጻፉ የሚያወራ ሰው ግን ብዙ አላየሁም። ሌላም አለ። የዩክሬን ጦርነት እንዴት ይቋጭ በሚለው ላይ በፌብሩዋሪ 2025 የአሜሪካና የሩሲያ ባለሥልጣናት ሪያድ ላይ ሲቀመጡ ዩክሬን በክፍሉ ውስጥ አልነበረችም። ያን ቀን ዜናውን ስሰማ ሐሳቤ ሄዶ ያረፈው በኤርትራና በሊቢያ ላይ ነበር።

እስቲ ከያልታ እንጀምር።

ስታሊን፣ ሮዝቬልትና ቸርችል ከፌብሩዋሪ 4 እስከ 11 እዚያ ሰነበቱ። ጀርመንን በየክልሉ ሊይዟት ተስማሙ። ሶቭየት ኅብረት ጀርመን ከወደቀች ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ጃፓንን ልትወጋ ቃል ገባች። ዛሬ ቬቶ የምንለው፣ ኃያላኑ የፀጥታውን ምክር ቤት ውሳኔ የሚያግዱበት መብትም ቅርጹን የያዘው በዚያ ስብሰባ ነው። ፖላንድ ላይ ሲደርሱ ግን የተስማሙት በቃላት ብቻ ነበር። «ነፃ ምርጫ» የሚለውን ሦስቱም ፈረሙ። ሦስቱም የገባቸው ግን ለየቅል ነው። በዚያ ሰዓት ፖላንድን የያዘው የሶቭየት ጦር ነበር። ስለዚህ በኋላ በተግባር የዋለው የስታሊን ትርጉም ሆነ።

ከዚያ በፊት በኦክቶበር 1944 ቸርችል ሞስኮ ሄደው ነበር። በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ አገሮችንና መቶኛ ጻፉ። ሩማኒያ 90 እጅ ለሩሲያ። ግሪክ 90 እጅ ለእንግሊዝ። ዩጎዝላቪያና ሃንጋሪ እኩል በእኩል። ስታሊን በሰማያዊ እርሳስ ምልክት አድርገው መለሱላቸው። ይህን የነገሩን ራሳቸው ቸርችል ናቸው። በዚያች ወረቀት ላይ ስሟ የተጻፈ አገር ሕዝብ አንዱም አልተጠየቀም።

ያልታ ላይ ያልተጠራ አጋርም ነበር፤ የፈረንሳዩ ደጎል። ሮዝቬልት በመልስ ጉዟቸው አልጀርስ ላይ እንገናኝ ብለው ቢልኩባቸው እምቢ አሉ። አልጀርስ ያኔ በፈረንሳይ እጅ ያለች ከተማ ናት። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ አልጠራም ማለታቸው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ እንዲህ ለማለት አቅሙ አልነበራቸውም። ሲጠሩ ሄዱ፤ መሄዳቸውም ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለምን እንደሄዱ ለመረዳት ወደ 1941 መመለስ ያስፈልጋል።

የእንግሊዝ ጦር ከባድ ውጊያ አድርጎ ከረንን በማርች መጨረሻ ያዘ፤ ኤፕሪል 1 አስመራ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ሜይ 5 አዲስ አበባ ገቡ። ዛሬም በየዓመቱ ሚያዝያ 27 የምናከብረው ያ ቀን ነው። ሕዝቡ ነፃ ወጣን ብሎ ሲደሰት እንግሊዞች ግን በሌላ ቃል እያሰቡ ነበር፤ «የተያዘ የጠላት ግዛት»። ኢትዮጵያን ያዩዋት ከጣሊያን እንደተማረከ መሬት ነው። አስተዳዳሪም ሾሙላት። ጦርነቱ እስኪያልቅ፣ ለጊዜው።

ያቺን ቃል ያዙልኝ፤ ደጋግማ ትመጣለች።

በጃንዋሪ 31 ቀን 1942 የተፈረመው ስምምነት ኢትዮጵያ ነፃ አገር መሆኗን ተቀበለ። ግን ዝርዝሩ ሌላ ነበር። የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ ቀዳሚ ይሆናል። አማካሪዎቹ እንግሊዛውያን ናቸው። ባቡሩ በእንግሊዝ እጅ ይቆያል። ገበያው ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዘዋወራል። ኦጋዴንና ከጅቡቲ ባቡር ጋር የተያያዘው አካባቢም ከአዲስ አበባ ሥልጣን ውጭ ሆኑ። በዚያ ላይ ጣሊያን ጥሎት የሄደው መሣሪያና ማሽን እየተጫነ ከአገር ወጣ። ይህ የመጨረሻው ነገር በጊዜው የነበሩ አዛውንቶችን ልብ ክፉኛ የጎዳ ጉዳይ ነው። አምስት ዓመት በዱር የታገለ ሰው ድሉን ሌላ ሲወስድበት ማየት ቀላል አይደለም።

በ1944 ንጉሠ ነገሥቱ ውሉ እንዲሻሻል ጠየቁ። ዲሴምበር 19 ሁለተኛው ስምምነት ተፈረመ። ባቡሩ ተመለሰ። የእንግሊዙ መልእክተኛ ቀዳሚነት ቀረ። ኦጋዴን ግን አሁንም አልተመለሰም። ምክንያቱ እንዴት እንደተጻፈ ልብ በሉ፤ ኢትዮጵያ ለጦርነቱ መሳካት ባላት አስተዋጽኦ መሠረት፣ ሉዓላዊነቷ ሳይነካ፣ እንግሊዝ ታስተዳድረዋለች። አሁንም ለጊዜው ማለት ነው። ጀርመን ከወደቀች በኋላ ኦጋዴን በከፊል የተመለሰው በ1948 ነው። ሐውድ የተባለው የግጦሽ አካባቢና የቀረው ክፍል የተመለሰው በ1955 ነው። ጦርነቱ ካበቃ አሥር ዓመት ሙሉ መሆኑ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሮዝቬልት መርከብ ሲሄዱ በልባቸው ያለው ይህ ነበር። ከአንድ አጋር ጡጫ ለመውጣት ሌላ አጋር መፈለግ። ውጤቱም በዚያው ዓመት መታየት ጀመረ። በጁላይ 1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ፤ የሃምሳ ሳንቲሙ የተሠራበት የብር ማዕድን የመጣው ከአሜሪካ ነው። ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያ ፍለጋ ፈቃድ አገኘ፤ ፈቃዱ እንግሊዝ የያዘችውን ኦጋዴንንም ይጨምር ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ጋር በተደረገ ውል ተቋቋመ። በኤፕሪል 1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። አሁን ቸርችል ለምን እንደደነገጡ ይገባችኋል።

ይህ ሁሉ ግን ትንሹ ጠብ ነበር። ትልቁ ጠብ ጣሊያን ትታቸው በሄደችው ሦስት አገሮች ላይ ነው፤ ሊቢያ፣ ኤርትራና ሶማሊያ።

በሐምሌው የፖትስዳም ጉባኤ ላይ ሶቭየቶች አንድ ያልተጠበቀ ነገር አነሱ። ከጣሊያን ቅኝ ግዛቶች አንዱ በሞግዚትነት ይሰጠን አሉ፤ ማለትም ነፃ እስኪወጣ በተባበሩት መንግሥታት ስም እናስተዳድረው። ቸርችል ተገረሙ። በሴፕቴምበር 1945 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቹ ለንደን ላይ ሲሰበሰቡ የሶቭየቱ ሞሎቶቭ ስሙን ጠርተው ጠየቁ፤ ትሪፖሊታኒያ፣ ማለትም የሊቢያ ምዕራባዊ ክፍል። ዝም ብለውም አልመጡም። አሜሪካ ከጥቂት ወራት በፊት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሶቭየት ሞግዚት ለመሆን ብቁ ናት የሚል ደብዳቤ ሰጥታ ነበር። ሞሎቶቭ ያቺን ደብዳቤ መዘዙ። አሜሪካኖቹ ደብዳቤውን ሲጽፉ ሞስኮ ሜዲትራኒያን ዳር ትሪፖሊ ላይ ትቀመጣለች ብለው አላሰቡም። የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቤቪን ደግሞ ይህን በጭራሽ ሊሰሙት አልፈለጉም። ስዊዝ፣ ማልታ፣ ወደ ህንድ የሚወስደው መንገድ ሁሉ በዚያ በኩል ነው።

ስብሰባው ያለ ስምምነት ተበተነ። ከዚያ በኋላ አራቱ መንግሥታት፣ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሶቭየት፣ የያዙት አቋም አንድ ቀን እንደዚህ፣ አንድ ቀን እንደዚያ ሲገለባበጥ ኖረ። የጉዳዩ ዋና ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ፈረንሳይ ጣሊያን ትመለስ ትል ነበር። ጣሊያንን ስለወደደች አልነበረም። ሊቢያ ነፃ ከወጣች ጎረቤቷ ቱኒዚያ ምን ትላለች? አልጄሪያስ? አንድ ዐረብ አገር ነፃ ሲወጣ ሌላው ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ ፓሪስ ታውቅ ነበር። በዚያ ላይ በደቡብ ሊቢያ ያለው የፌዛን በረሃ በፈረንሳይ ወታደሮች እጅ ነበር።

እንግሊዝ በ1942 ሲሬናይካ በምትባለው የሊቢያ ምሥራቃዊ ክፍል ላሉት ሰኑሲዎች (የሙስሊም ሃይማኖታዊ ማኅበር ናቸው) ቃል ገብታለች፤ ዳግመኛ በጣሊያን ሥር አትወድቁም ብላ። ሰኑሲዎች ከእንግሊዝ ጋር ሆነው ተዋግተዋል። ስለዚህ ወደኋላ ማለት አልቻለችም፤ ደግሞ ሲሬናይካ ላይ የጦር ሰፈር ትፈልጋለች። በ1946 ቤቪን ሌላ ሐሳብ አመጡ። የእንግሊዝ ሶማሌላንድ፣ የጣሊያን ሶማሊያና ኦጋዴን ተጣምረው በእንግሊዝ ሞግዚትነት አንድ ይሁኑ። ለሶማሌዎች የከብት ግጦሽና የኑሮ ጥቅም አስቤ ነው አሉ። ጥቅሙ ለከብት አርቢው እውነት ሊሆን ይችል ይሆናል። ነገር ግን የአጋር አገርን መሬት ቆርሶ በራስ እጅ ማስገባት ነበር። አዲስ አበባ በቁጣ አልተቀበለችውም። ሶቭየትም አልተቀበለችውም። ሐሳቡ ወደቀ። የተዘራው ዘር ግን አልሞተም፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በኦጋዴን የሆነውን ጦርነት እናውቃለን።

አሜሪካ በመጀመሪያ ቅኝ ግዛቶቹ ሁሉ በተባበሩት መንግሥታት የጋራ ሞግዚትነት ሥር ይሁኑ አለች። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምር ነበር። ጊዜ ሲሄድ ግን ትሪፖሊ አጠገብ ያለው የአየር ኃይል ሰፈሯና አስመራ ያለው የሬዲዮ ጣቢያዋ እያደር ክብደት አገኙ። አስመራ ከፍ ያለ ደጋ ላይ ናት፤ ለሬዲዮ ጠለፋ ተመራጭ ቦታ ናት። ራዲዮ ማሪና የሚሉትን የጣሊያኖች ጣቢያ አሜሪካኖች ከ1943 ጀምሮ ይጠቀሙበት ነበር። በኋላ ቃኘው የተባለው ይኸው ነው።

ሶቭየት ትሪፖሊታኒያን እንደማታገኝ ሲገባት በ1946 ተገለበጠች፤ ለጣሊያን ይመለስ አለች። ለምን? ጣሊያን ውስጥ ትልቅ የኮሚኒስት ፓርቲ አለ። ኤፕሪል 18 ቀን 1948 ምርጫ አለ። የጣሊያን መራጭ «ቅኝ ግዛትህን የሚመልስልህ ሞስኮ ነው» ቢባል ደስ ይለዋል። አሜሪካና እንግሊዝም በተራቸው ፈሩ። ከምርጫው በፊት ለጣሊያን ምንም አይመለስም ብለን ከተናገርን ድምፁ ወደ ኮሚኒስቶች ይሄዳል ብለው አፋቸውን ያዙ። ምርጫው ደረሰ፤ ኮሚኒስቶቹ ተሸነፉ። በመስከረም ሶቭየት እንደገና ተገልብጣ ቅኝ ግዛቶቹ በዓለም አቀፍ ሞግዚትነት ይሁኑ አለች።

ይህን መጀመሪያ ስረዳ በጣም አዘንኩ። የአስመራ፣ የከረን፣ የሞቃዲሾ፣ የትሪፖሊ ሰው ዕጣ የሮም ጎዳናዎች ላይ በሚለጠፍ የምርጫ ማስታወቂያ ይወሰን ነበር። እኛ ገበያ ላይ ምራቂ የምንለው ነገር አለ፤ ዕቃ ከገዛን በኋላ ላይ ላዩን የሚጨመርልን። በትልልቆቹ ግብይት ላይ እነዚህ ሕዝቦች ምራቂ ነበሩ።

በመሃል የሰላም ውሉ ተፈርሟል። ከጁላይ 29 እስከ ኦክቶበር 15 ቀን 1946 ፓሪስ ላይ 21 አገሮች ተሰበሰቡ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። ጥያቄዋን ያቀረቡት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው። ፈረንሳይ አገር ተምረው የኖሩ፣ የፓሪስን ቋንቋና ጠባይ የሚያውቁ ሰው። በዚያን ዘመን አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ከሞሎቶቭና ከቤቪን ፊት ቆሞ አገሩን ወክሎ ሲከራከር ማሰብ አሁንም ልቤን ይሞቀዋል። ውሉ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1947 ተፈረመ።

በዚህ ውል ኢትዮጵያ ያገኘችው ቀላል አይደለም። ጣሊያን ነፃነቷን አከበረች። ለውሉ ሲባል በኢትዮጵያ በኩል ጦርነቱ የጀመረበት ቀን ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ነው ተብሎ ተጻፈ። ይህ ትልቅ ድል ነው። ዓለም ጦርነቱ በ1939 ጀመረ ሲል የእኛ ሰዎች «እኛ ላይ የጀመረው ቀድሞ ነው» ብለው አጻፉ። ካሣም 25 ሚሊዮን ዶላር ተወሰነ። ለማነጻጸር ለዩጎዝላቪያ 125 ሚሊዮን፣ ለግሪክ 105 ሚሊዮን፣ ለሶቭየት 100 ሚሊዮን ነበር። ገንዘቡ ሲንከባለል ቆይቶ ጉዳዩ የተቋጨው በ1956 ስምምነት ነው። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ ስትሄዱ የምታዩትን ሐይቅ የፈጠረው የቆቃ ግድብ የተሠራው በዚያ ካሣ ነው።

ቅኝ ግዛቶቹን በተመለከተ ግን አንቀጽ 23 አለ። ጣሊያን በሦስቱም ላይ ያላትን መብት ሁሉ ለቀቀች። ለማን? አልተጻፈም። አራቱ ኃያላን ውሉ ከጸና በአንድ ዓመት ውስጥ ይወስናሉ፤ ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ይሄዳል። እስከዚያው በያዟቸው አስተዳዳሪዎች ሥር ይቆያሉ። ለጊዜው።

መርማሪ ኮሚሽን ተላከ። በ1947 መጨረሻ ኤርትራ ገባ፤ ከዚያ ሶማሊያ፣ ከዚያ ሊቢያ ሄደ። ኤርትራ ውስጥ ሕዝቡ በፓርቲ ተከፋፍሎ ጠበቀው። ከኢትዮጵያ ጋር አንድነት የሚለው የአገር ፍቅር ማኅበር ነበር። ነፃነት የሚሉት እነ ኢብራሂም ሱልጣን የመሩት የሙስሊም ሊግና እነ ወልደአብ ወልደማርያም ያሉበት ወገን ነበሩ። ጣሊያን ትመለስ የሚሉም ነበሩ። ሕዝቡ ከየገጠሩ እየመጣ ተናገረ። አራቱ መርማሪዎች ግን በሰሙት ላይ እንኳ መስማማት አልቻሉም። ሕዝቡ የተናገረው ቃል በአራት ጆሮ አራት ሆኖ ተሰማ። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1948 ቀነ ገደቡ አለፈ። ጉዳዩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሄደ።

እዚያ ደግሞ ሌላ ታሪክ ጠበቀው። በሜይ 1949 የእንግሊዙ ቤቪንና የጣሊያኑ ካርሎ ስፎርዛ በሁለቱ መካከል ተስማምተው አንድ ዕቅድ አመጡ። ሊቢያ ለሦስት ትከፈል፤ ሲሬናይካ ለእንግሊዝ፣ ፌዛን ለፈረንሳይ፣ ትሪፖሊታኒያ ለጣሊያን። ሶማሊያ ለጣሊያን። ኤርትራ ምዕራቡ ለሱዳን፣ የቀረው ለኢትዮጵያ። ተመልከቱ፤ የትናንት ጠላት የነበረችው ጣሊያን ገበታው ላይ ተቀምጣ ታካፍላለች። በዚያው ዓመት የኔቶ አባል ሆናለች። ተወርራ የነበረችው ኢትዮጵያ ግን በየደጁ እየዞረች ድምፅ ትለምናለች። ሊቢያ ውስጥ ሕዝቡ ለተቃውሞ አደባባይ ወጣ።

ዕቅዱ በየክፍሉ ድምፅ ተሰጠበት። ትሪፖሊታኒያን ለጣሊያን የሚሰጠው ክፍል ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገው ነበር። በአንድ ድምፅ ጎደለ። ከተቃወሙት አንዱ የሄይቲው ልዑክ ኤሚል ሴን ሎ ነበሩ። የላቲን አሜሪካ አገሮች በብዛት ከጣሊያን ጋር ሲቆሙ እሳቸው እምቢ አሉ። ከባርነት በራሷ ክንድ ነፃ የወጣች ትንሽ ደሴት አገር ልጅ፣ አይተዋት ለማያውቋት ሊቢያ እጃቸውን አነሱ። ትሪፖሊታኒያ ስትወድቅ የጣሊያን ደጋፊዎችም የቀረውን ዕቅድ ጣሉት። እነዚያ ኃያላን አራት ዓመት የተሻኮቱበት ነገር በአንዲት እጅ ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በኖቬምበር 21 ቀን 1949 ጠቅላላ ጉባኤው ሊቢያ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1952 ነፃ ትውጣ አለ፤ ዲሴምበር 24 ቀን 1951 ወጣች። ሶማሊያ ለአሥር ዓመት በጣሊያን ሞግዚትነት ተሰጠች፤ በ1960 ነፃ ወጣች። ኤርትራ ብቻ እንደገና ለሌላ ኮሚሽን ተላለፈች። በርማ፣ ጓቴማላ፣ ኖርዌይ፣ ፓኪስታንና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። አምስቱም አልተስማሙም። ጓቴማላና ፓኪስታን ነፃነት አሉ። ኖርዌይ ከኢትዮጵያ ጋር ትቀላቀል አለች። በርማና ደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽን አሉ። ዲሴምበር 2 ቀን 1950 ፌዴሬሽኑ በ46 ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተዓቅቦ አለፈ። በሴፕቴምበር 1952 የእንግሊዝ አስተዳደር ወጣ። ለጊዜው ብሎ የገባው አስተዳደር ከ11 ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው። በሜይ 1953 አሜሪካ የቃኘውን ሰፈር ውል ከአዲስ አበባ ጋር ፈረመች።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ኢትዮጵያ አሸነፈች አይደል?» ይላል። በወረቀት ላይ አዎ። የዲፕሎማቶቻችንን ድካም አከብራለሁ፤ ከምንም ተነስተው ነው ያንን ያህል የሠሩት። ግን እውነቱን ሙሉውን መናገር አለብኝ። ፌዴሬሽኑ ከኃያላኑ ስሌት የተወለደ መካከለኛ መንገድ ነበር። ሲጣስ የሚጠብቀው አካል አልነበረውም። በ1962 አዲስ አበባ ራሷ አፈረሰችው። ያን ጊዜ አጋሮቹ አንዳቸውም ድምፃቸውን አላሰሙም፤ የሚፈልጉትን ሰፈር ይዘዋልና። ከአንድ ዓመት በፊት የጀመረው ጦርነትም ሠላሳ ዓመት ዘለቀ። በሁለቱም ወገን የሞተው የአንድ እናት ልጅ ነው።

ፍትሑም እንደዚያው ነው የሆነው። ኢትዮጵያ የወረራውን ጦር የመሩት የጣሊያን ጄኔራሎች ባዶሊዮና ግራዚያኒ ለፍርድ ይቅረቡ ብላ ጠየቀች። በየካቲት 12 ጭፍጨፋ ብቻ መንግሥት ያቀረበው የሟች ቁጥር 30,000 ነው። ነገር ግን አጋሮቹ ባቋቋሙት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ውስጥ አባል እንድትሆን አልተፈቀደላትም። የሷ ጦርነት «ከዋናው ጦርነት በፊት ነው» ተባለ። ባዶሊዮ ደግሞ በ1943 ጣሊያንን ከአጋሮቹ ጋር ያስታረቁ ሰው ናቸው፤ እንግሊዝ እሳቸውን መንካት አልፈለገችም። በ1948 ኮሚሽኑ ሁለቱንም ጨምሮ በጥቂት ጣሊያናውያን ላይ የቀረበው ክስ በቂ መነሻ አለው ብሎ ተቀበለ። ፍርድ ቤት ግን አልተሰየመም። ግራዚያኒ በገዛ አገሩ በ1950 ተከሶ 19 ዓመት ተፈረደበት፤ ክሱም ከጀርመን ጋር ስለመተባበሩ እንጂ ስለ አዲስ አበባ አልነበረም። በጥቂት ወራት ውስጥ ተለቀቀ። ስድስት ኪሎ ባለው ሐውልት ፊት ባለፍኩ ቁጥር ይህ ነገር ውስጤን ይበላዋል።

እንግዲህ ዛሬ ስለ ጦርነት ማብቂያ ድርድር ሲወራ እኔ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች ከዚህ የመጡ ናቸው። መሬቱ ላይ የቆመው የማን ወታደር ነው? ከተደራዳሪዎቹ የትኛው አገር ምርጫ እየቀረበበት ነው? «ለጊዜው» የሚል ቃል የት ቦታ ተጻፈ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የተጻፈው ባይፈጸም ማን ያስፈጽመዋል? ስምምነት ተደረሰ ተብሎ ካሜራው ሲጠፋ ብዙዎቻችን ወደ ሌላ ዜና እንሄዳለን። የሰላም ውል ውስጥ ግን ሰው የማያነበው አንድ አንቀጽ ሁልጊዜ አለ።

የ1947ቱ ውል አንቀጽ 37 እንደዚያ ነው። ጣሊያን ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የጥበብ ሥራ፣ ሰነድና ቅርስ ሁሉ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዛል። ውሉ በሴፕቴምበር 1947 ስለጸና ቀኑ በማርች 1949 ይሞላል። በ1937 የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ግን ሮም ላይ ቆሞ ቀረ። ከጣሊያን የአፍሪካ ሚኒስቴር ሕንፃ ፊት ለፊት ነበር የተተከለው። ሕንፃው ኋላ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሆነ። ዓለም ስለ ረሃብ ሊመክር ሲሰበሰብ በሐውልቱ ሥር ያልፍ ነበር። ንጉሡ ወረዱ፤ ደርግ መጣ፤ ደርግም ሄደ። ኤፕሪል 2005 አንድ ግዙፍ አንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ላይ አረፈ። ለእሱ ሲባል የአውሮፕላን ማረፊያው ታድሶ ነበር። ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ በሦስት በረራ ገባ። ሕዝቡ እየዘመረና እልል እያለ ተቀበለው። ውሉ ከሰጠው ቀን 56 ዓመት ዘግይቶ።